ጂዲቢ ላይ ኮማንድ ስክሪፕት ማድረግ፦ «ኮንቲኒው» እያልኩ ጣቴ አለቀ

ቀሪባይት — ማክሰኞ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ከስልክ ነው የምጽፈው፤ ኪቦርዴ አማርኛ ብቻ ስለሆነ ትእዛዞቹን በፊደላችን አስቀምጣቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ በላቲን እንደሚገቡ ታውቃላችሁ።

መሥሪያ ቤታችን አንድ የቆየ የሲ ፕሮግራም አለ። የደንበኞችን ስም ከፋይል ያነብና ለማተሚያ ዝርዝር ያዘጋጃል። የጻፈው ሰው ከለቀቀ ቆይቷል፤ ኮሜንት የሚባል ነገር የለውም። ችግሩ አንዳንድ ስሞች መጨረሻ ላይ ያቺ ጥቁር ዳይመንድ፣ ባለ ጥያቄ ምልክቷ፣ ትወጣለች። ከ2,000 በላይ ስም ውስጥ በዓይኔ ስቆጥር 41 አገኘሁ። ሌላው ደህና ነው።

ጂዲቢ በሚባለው የፕሮግራም መመርመሪያ (ዲበገር) ኮፒ_ኔም የሚባለው ፈንክሽን ላይ ብሬክፖይንት (ማቆሚያ ምልክት) አድርጌ አስነሳሁት። በየስሙ ይቆማል። ፕሪንት፣ ኮንቲኒው፣ ፕሪንት፣ ኮንቲኒው። ስልሳኛው አካባቢ ስልክ ተደወለልኝ፤ ስመለስ የቱ ጋ እንደነበርኩ ጠፋኝ። ከዚያ ብሬክፖይንቱ ሲደረስ በራሳቸው የሚሠሩ ትእዛዞችን የሚይዝ «ኮማንድስ» የሚባል ነገር እንዳለ አነበብኩና እንዲህ ሞከርኩ፦

    ብሬክ ኮፒ_ኔም
    ኮማንድስ
    ፕሪንት ሶርስ
    ፊኒሽ
    ፕሪንት ደስት
    ኮንቲኒው
    ኤንድ

ሶርስን (ምንጩን ስም) ያትማል፣ ፊኒሽ ያደርጋል (ከፈንክሽኑ ይወጣል)፣ ከዚያ ቁጭ። ደስትን (ስሙ የሚቀዳበትን) አያትምም፣ ኮንቲኒውም አይልም። ኤረርም የለም። ምን አጠፋሁ?


ሻይ_በቅርንፉድ — ማክሰኞ ማታ 3፡47

ወንድሜ፣ ያጠፋኸው ፊኒሽ ላይ ነው። በኮማንድስ ዝርዝር ውስጥ ፕሮግራሙን መልሶ የሚያስኬድ ትእዛዝ ከመጣ፣ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ኮንቲኒው ብቻ አይደለም፤ ኔክስትም ስቴፕም ፊኒሽም እንደዚያው ናቸው። ምክንያት አለው፦ ፕሮግራሙ አንዴ ከተንቀሳቀሰ ሌላ ብሬክፖይንት ሊገጥመው ይችላል፣ ያኛውም የራሱ ዝርዝር ሊኖረው ይችላል፣ የማን ይቅደም? ጂዲቢ እዚያ ጭቅጭቅ ውስጥ አይገባም፤ የቀረውን ይጥለዋል። ዝም ብሎ መጣሉ ግን ያናድዳል፣ እኔም አንድ ሙሉ ከሰዓት በልቶብኛል።

ሌላም አለ። ፊኒሽ ቢሠራልህ እንኳ የምታርፈው ጠሪው ፈንክሽን ውስጥ ነው። ደስት የኮፒ_ኔም ፓራሜትር ከሆነ እዚያ በዚያ ስም አይታወቅም።

መፍትሔው ቦታ መቀየር ነው። ፈንክሽኑ በር ላይ ሳይሆን ቅጂው ካለቀ በኋላ ባለው መስመር ላይ ቁም። ያኔ ሁለቱም እጅህ ላይ ናቸው፦

    ሴት ፔጅኔሽን ኦፍ
    ብሬክ ሊስት.ሲ:91
    ኮማንድስ
    ሳይለንት
    ፕሪንት ሶርስ
    ፕሪንት ደስት
    ኮንቲኒው
    ኤንድ
    ራን

ሳይለንት የመጀመሪያው መስመር መሆን አለበት፤ ሁለተኛ ላይ ካስቀመጥከው ያ «ብሬክፖይንት 1፣ እንዲህ መስመር ላይ» የሚለው ወሬ በየስሙ ይታተምብሃል። ፔጅኔሽን ካላጠፋህ ደግሞ ስክሪኑ በሞላ ቁጥር ኢንተር ይጠይቅሃል፤ ከድካም ወደ ድካም።


ቀሪባይት — ማክሰኞ ማታ 4፡05

እህቴ በል 🙂 መስመር 91 ላይ አድርጌው እሞክራለሁ፣ አመሰግናለሁ።


ኮምፓይል_አድርገው — ማክሰኞ ማታ 4፡11

ይሄን ሁሉ ከምታደርጊ ኮዱ ላይ ሁለት ፕሪንትኤፍ (የማተሚያ መስመር) ጨምረሽ ኮምፓይል ብታደርጊው አያልቅም ነበር? በ3 ደቂቃ። ሰው ጂዲቢን የሚያወሳስበው ለመታየት ይመስለኛል አንዳንዴ።


ሻይ_በቅርንፉድ — ማክሰኞ ማታ 4፡20

ኮምፓይል የሚደረግበት ማሽን ካለ፣ ሜክፋይሉ (የኮምፓይል መመሪያው) ዛሬም የሚሠራ ከሆነ፣ አዎ። «የጻፈው ሰው ከለቀቀ ቆይቷል» የሚለውን አላነበብክም መሰለኝ።

ፕሪንትኤፍ የምትወድ ከሆነ ግን ጂዲቢ ራሱ አለው። ዲፕሪንትኤፍ ይባላል፣ በ2012 ከወጣው 7.5 ጀምሮ አለ። ቦታውን፣ ኮማ፣ ከዚያ የተለመደውን ፎርማት ትሰጠዋለህ፤ እዚያ መስመር በደረሰ ቁጥር አትሞ ያልፋል። ኮማንድስ፣ ሳይለንት፣ ኮንቲኒው የለም፣ ባይነሪውንም (ኮምፓይል የተደረገውን ፕሮግራም) አትነካውም፦

    ዲፕሪንትኤፍ ሊስት.ሲ:91,"[%ኤስ] -> [%ኤስ]\ኤን",ሶርስ,ደስት

ቅንፎቹን ልብ በሉ። ስም መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ወይም የተቆረጠ ነገር ካለ ያለ ቅንፍ አይታይም።


ቀሪባይት — ረቡዕ ጠዋት 3፡30

ቢሮ ገብቼ ሞከርኩት። ሁለቱም ይሠራሉ፣ ግን አዲስ ጣጣ መጣ። በዲፕሪንትኤፍ ሳደርገው ስሙ በአማርኛ ይወጣል። በኮማንድስ ውስጥ ፕሪንት ስለው ግን የቁጥር ክምር ነው፦ \341\210\260\341\210\213 እያለ ይሄዳል። ያው ፕሮግራም፣ ያው ተለዋዋጭ። በኤስኤስኤች (ከርቀት) ሰርቨሩ ላይ ገብቼ ነው የምሠራው።


ጡረታ_የወጣ_ከርነል — ረቡዕ ጠዋት 4፡15

ልጄ፣ ያ ክምር አማርኛ ነው። 341 210 260 ማለት «ሰ» ማለት ነው፤ ቀጥሎ ያለው 341 210 213 «ላ» ነው። ቁጥሩ ኦክታል (በ8 መሠረት የተጻፈ) ነው። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚለውጠው ሥርዓት) እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፣ መጀመሪያውም ሁልጊዜ 341 ነው። ይህችን ብቻ ከያዝሽ ኦክታል ውስጥ ፊደል የት እንደሚጀምር በዓይን ትቆጥሪያለሽ።

ልዩነቱ የመጣው ከሎኬሉ (ከቋንቋና ከፊደል ቅንብሩ) ነው። ሰርቨሩ ላይ ላንግ የሚባለው ቅንብር «ሲ» ሆኖ ይሆናል። ፕሪንት የሚባለው ትእዛዝ ገመድ (ስትሪንግ፣ የፊደላት ተከታታይ) ሲያሳይ ተርሚናሉ ሊያሳየው የሚችለውን ፊደል እየመረመረ ነው፤ «ሲ» ሎኬል ላይ ከአስኪ ውጭ ያለውን ሁሉ ወደ ኦክታል ይለውጠዋል። የፕሪንትኤፍ ወገን ግን ባይቱን እንዳለ ነው የሚያስተላልፈው፣ የአንቺ ተርሚናል ደግሞ ዩቲኤፍ-8 ስለሆነ ፊደሉን ይስለዋል። ጂዲቢን ከማስነሳትሽ በፊት ላንግን ወደ ሲ.ዩቲኤፍ-8 ቀይሪውና ፕሪንትን ድገሚው። ሁለቱንም አትተይ። ፕሪንትኤፍ ለዓይን ያምራል፣ ፕሪንት ግን እውነቱን ይናገራል። ምን ለማለት እንደፈለግሁ የተበላሸ ስም ላይ ስትደርሺ ታይዋለሽ።


ቀሪባይት — ረቡዕ ጠዋት 5፡02

ጋሼ፣ አየሁት! ስሙን ቀይሬ ልጻፈው። ምንጩ «ሰላም አበበ ወልደማርያም» ነው። ደስትን ፕሪንት ስል፦

    "ሰላም አበበ ወልደ", <ኢንኮምፕሊት ሲኩዌንስ \341\210>

ኢንኮምፕሊት ሲኩዌንስ! ጂዲቢ ራሱ «ያልተሟላ ነው» እያለኝ ነው። የ«ማ» ሁለት ባይት ገብቶ ሦስተኛው ውጭ ቀርቷል።


ሻይ_በቅርንፉድ — ረቡዕ ጠዋት 5፡08

ደስት ስንት ነው ስፋቱ? ፕሪንት ሳይዝኦፍ አድርጊው። ፓራሜትር ሆኖ ከገባ ግን ፖይንተር (አድራሻ ብቻ) ስለሆነ 8 ይልሻል፣ እንዳትሸወጂ፤ ጠሪው ጋ ወጥተሽ እውነተኛውን አሬይ ጠይቂ።


ቀሪባይት — ረቡዕ ጠዋት 5፡19

አፕ ብዬ ወደ ጠሪው ወጥቼ ጠየቅሁ፣ 32። መስመር 90 ላይ ኤስኤንፕሪንትኤፍ (ከተሰጠው ስፋት በላይ የማይጽፍ ፈንክሽን) ነው ያለው፣ 32 ተሰጥቶታል። ስለዚህ 31 ባይት እና መዝጊያው ዜሮ።

ሒሳቡን ሠራሁት። ሰላም 9፣ ክፍት ቦታ 1፣ አበበ 9፣ ክፍት ቦታ 1፣ እስካሁን 20። 11 ይቀራል፤ ወ፣ ል፣ ደ 9 ይወስዳሉ፣ 2 ባይት ይተርፋል። ያቺ 2 ባይት ናት ዳይመንዷ። ለካ ለላቲን ስም 31 ፊደል የነበረው ለእኛ 10 ነው።


ኮምፓይል_አድርገው — ረቡዕ ቀን 6፡40

እሺ ተሸነፍኩ፣ ይሄኛውን በፕሪንትኤፍ አላየውም ነበር። እንግዲህ ቀላል ነው፤ ሲቆረጥ ወደኋላ ተመልሶ የፊደሉ መጀመሪያ ላይ እንዲያቆም ማድረግ። ዋጋው ከ128 እስከ 191 የሆነ ባይት ሁሉ የፊደል ጅራት ነው፣ ራስ አይደለም። የቆረጥሽበት ጋ ጅራት ካገኘሽ ራሱን እስክታገኚ ወደኋላ ሂጂ፣ እዚያ ዜሮ አድርጊ። አራት መስመር ነው። ዳይመንዱ ይጠፋል።


ጡረታ_የወጣ_ከርነል — ረቡዕ ቀን 8፡05

ከመጠገንሽ በፊት ቁጠሪ። በዓይን 41 ነው ያልሽው። ዓይን ዳይመንድ ነው የሚያየው፣ የተቆረጠን አይደለም።

ብሬክፖይንት ላይ ሁኔታ አስገቢ። ስትርሌንን (የገመድ ርዝመት መለኪያውን) ከፕሮግራሙ ውስጥ ጠርተሽ መጠቀም ትችያለሽ፣ ግን በየስሙ ፕሮግራሙን እያስቆሙ በውስጡ ፈንክሽን ማስኬድ ደስ አይልም፤ የሚበላሽ ነገር ካለ ሌላ ብልሽት ትጨምሪበታለሽ። ጂዲቢ የራሱ አለው፣ በዶላር እና በአንደርስኮር የሚጀምር። ገመዱን ከውጭ ሆኖ አንብቦ ነው የሚለካው፣ ፕሮግራሙ አይነካም። ግን ታርጌት-ቻርሴት ዩቲኤፍ-8 ከሆነ ባይት ሳይሆን ፊደል ነው የሚቆጥረው፤ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ባይት አንድ ፊደል ወደሆነበት አይኤስኦ-8859-1 ቀይሪው። ፓይተን ያለው ጂዲቢ ይፈልጋል፣ ዛሬ አብዛኛው አለው፦

    ሴት ታርጌት-ቻርሴት አይኤስኦ-8859-1
    ብሬክ ሊስት.ሲ:91 ኢፍ $_ስትርሌን(ሶርስ) > 31

ገመድ ማወዳደርም ካስፈለገሽ $_ስትርኢኪው አለ፣ እንዲሁ ነው።

ከሥሩ ኮማንድስ አድርገሽ ሁለቱንም በፕሪንትኤፍ አሳትሚ። ሁሉንም በአንድ ፋይል ጻፊው፣ እጅሽ ተርሚናል ላይ አይቆይ። ቁጥር.ጂዲቢ በይው፣ ከዚያ፦

    ጂዲቢ -ባች -ኤክስ ቁጥር.ጂዲቢ --አርግስ ./ዝርዝር ስሞች.ቴክስት

ባች ያልሽው እንደሆነ ፔጅኔሽኑንም «እርግጠኛ ነህ?» የሚለውንም ጥያቄ ራሱ ያጠፋዋል፣ ሲጨርስ ይወጣል። ፋይሉ መጨረሻ ላይ ኢንፎ ብሬክፖይንትስ ጨምሪበት፤ ስንት ጊዜ እንደተመታ ይነግርሻል። ሁኔታው ውሸት የሆነበት ጊዜ አይቆጠርም፣ ስለዚህ ያ ቁጥር የተቆረጡት ስሞች ቁጥር ነው። ሌላ መቁጠሪያ አያስፈልግሽም።


ሻይ_በቅርንፉድ — ረቡዕ ቀን 8፡30

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ይህን ያነበበ ሰው ነገ ትልቅ ሰርቨር ላይ ሄዶ እንዳይሰቅለው። ሁኔታው ውሸት ቢሆንም ፕሮግራሙ በየጊዜው ይቆማል። በከርነሉ በኩል ወደ ጂዲቢ ይሄዳል፣ ጂዲቢ ሁኔታውን ይመዝናል፣ ውሸት ነው ይላል፣ መልሶ ያስኬደዋል። 2,000 ጊዜ ምንም አይደለም። በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜ የሚጠራ ፈንክሽን ላይ ካደረግከው ግን ፕሮግራሙ የሞተ ነው የሚመስለው። ዲፕሪንትኤፍም ከዚህ ነፃ አይደለም፣ ሳይቆም የሚያልፍ ይመስላል እንጂ ይቆማል።

ዎችም (ተለዋዋጭ ሲቀየር የሚያስቆመው ትእዛዝ) እንዲሁ። ኢንቴል ማሽን ላይ የሃርድዌር መመልከቻ ቦታ 4 ነው። ከዚያ ካለፍክ ጂዲቢ ወይ እምቢ ይላል ወይ አንድ በአንድ ኢንስትራክሽን እየረገጠ መሄድ ይጀምራል፣ ያኔ ቡና አፍልተህ ጠጥተህ ተመለስ፣ ሦስተኛውን ሳይቀር።


እባብ_አርቢ — ረቡዕ ማታ 1፡15

ዘግይቼ ነው የገባሁት። ከአምስት መስመር ካለፈ በፓይተን ጻፉት እባካችሁ። ጂዲቢ ከ7.0 ጀምሮ፣ ከ2009፣ ፓይተን በውስጡ አለ። ጂዲቢ.ብሬክፖይንት የሚለውን ክላስ ወርሳችሁ «ስቶፕ» የሚባል ሜተድ ትጽፋላችሁ። ፎልስ ከመለሰ አይቆምም፣ ትሩ ከመለሰ ይቆማል። ውስጡ ዲክሽነሪ፣ ሊስት፣ ፋይል መጻፍ፣ የፈለጋችሁትን። የጂዲቢ የራሱ ኢፍ እና ዋይል አለው፣ ግን ገመድ ላይ ሥራ ስትጀምሩ ታለቅሳላችሁ።

ስቶፕ ውስጥ ሆናችሁ ፕሮግራሙን ስቴፕ አታድርጉ፣ ኮንቲኒውም አትበሉ። እሷ ሜተድ ለመመልከት ናት። ቀሪባይት መጀመሪያ ላይ የፈለገችው «ፈንክሽኑ ሲመለስ አሳየኝ» ደግሞ ፊኒሽብሬክፖይንት የሚባል ለብቻው ክላስ አለው።


ጎረቤት_ሰርቨር — ረቡዕ ማታ 2፡00

ክሩን ልጠልፈው አይደለም፣ ግን አንዴ ስለ ኮማንድስ ከተነሳ፦ የእኔ ፕሮግራም በአሥር ጊዜ አንዴ ብቻ ሴግፎልት ይላል (በሜሞሪ ስህተት ይወድቃል)። እስኪወድቅ ድረስ ራን፣ ራን፣ ራን። ለዚህስ?


ሻይ_በቅርንፉድ — ረቡዕ ማታ 2፡12

    ሴት ኮንፈርም ኦፍ
    ሴት ብሬክፖይንት ፔንዲንግ ኦን
    ብሬክ _ኤግዚት
    ኮማንድስ
    ራን
    ኤንድ
    ራን

በሰላም የጨረሰ በ_ኤግዚት በኩል ያልፋል፣ እንደገና ይነሳል። የወደቀው እዚያ አይደርስም፣ የወደቀበት ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ለቀህ ወደ ቤትህ ሂድ፣ ጠዋት ስትመጣ ቢቲ በለው፣ በየት በኩል መጥቶ እንደወደቀ ያሳይሃል።


ጎረቤት_ሰርቨር — ረቡዕ ማታ 2፡14

ይሄ ነገር ሕጋዊ ነው? ሦስት ሳምንት በእጄ ራን ስል ነው የኖርኩት።


ቀሪባይት — ሐሙስ ቀን 9፡10

ይቅርታ ጠፋሁ፣ ጠዋት ስብሰባ ነበረብኝ። የጋሼን ፋይል አስኬድኩት። መጀመሪያ ፋይሉን «.ጂዲቢኢኒት» ብዬ ፎልደሩ ውስጥ አስቀምጬው ነበር፣ ጂዲቢ አልጭንም አለ፤ ሴፍ ፓዝ ውስጥ የለም ብሎ። ለካ የማያውቀውን ፎልደር ትእዛዝ ዝም ብሎ አያስኬድም፣ ሰው የላከልህን ኮድ ልትመረምር ከፍተህ የእሱ ትእዛዝ እንዳይሠራብህ። በ-ኤክስ ስሰጠው ሄደ።

ኢንፎ ብሬክፖይንትስ 41 አላለም። 63 አለ።

ሃያ ሁለቱ ከየት መጡ ብዬ ሎጉን ከፈትኩ። ዳይመንድ የላቸውም። አንዱን እንዲሁ ስም ቀይሬ ላሳያችሁ፦

    [ገብረመድህን ተስፋዬ] -> [ገብረመድህን ተስፋ]

ገብረመድህን 21፣ ክፍት ቦታ 1፣ ተስፋ 9። ልክ 31። ፊደል መካከል ሳይሆን ፊደል ጫፍ ላይ ቆረጠው። ክፍት ቦታ አንድ ብቻ ካለ 30 ይተርፋል፣ 30 ለ3 ይካፈላል፤ ስለዚህ በአባት ስም የተመዘገበ ሁሉ በንጽህና ነው የሚቆረጠው። አያት ሲጨመር፣ ሁለተኛዋ ክፍት ቦታ 31 ባይቱ ውስጥ ከወደቀች፣ ያኔ ነው ዳይመንድ የሚወጣው። እኛ ስንጠብቅ የነበረው የአያት ስም ያላቸውን ነው፣ እነሱ ስለሚጮኹ። ተስፋዬ ተስፋ ተብሎ ታትሞ ስንት ጊዜ እንደወጣ እግዜር ይወቀው። ስም ነዋ፣ ማን ይጠረጥራል።

@ኮምፓይል_አድርገው ያንተን አራት መስመር አላስገባሁም፣ አትቀየመኝ። እሱን ባስገባው 41ዱም እንደ 22ቱ ይሆኑ ነበር፣ ያኔ ማንም አያገኛቸውም።


ኮምፓይል_አድርገው — ሐሙስ ቀን 9፡25

አልቀየምም። ደነገጥኩ እንጂ።


ጡረታ_የወጣ_ከርነል — ሐሙስ ቀን 9፡50

ኤስኤንፕሪንትኤፍ የሚመልሰውን ቁጥር ማንም አላየውም ማለት ነው። እሱ እኮ ቦታ ቢኖር ስንት ባይት ይጽፍ እንደነበር ይመልሳል፤ 32 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቆርጫለሁ እያለ ነው። ስፋቱን ስታሰፊ እሱንም ፈትሺ፣ ሲቆርጥ ዝም እንዳይል። የምንጩ ፋይል ላይ ስሞቹ ሙሉ ናቸው?


ቀሪባይት — ሐሙስ ቀን 10፡05

ሙሉ ናቸው ጋሼ፣ የተቆረጠው ሲታተም ብቻ ነው። 256 አደረግሁት፣ መልሱንም ፈተሽኩ፤ ከሞላ ስሙን ጠርቶ ያቆማል። አሁን ያው ቁጥር.ጂዲቢ ላይ 31ን 255 አድርጌ ደግሜ ሰጠሁት፤ ዜሮ። ዛሬ 63ቱን ዝርዝር ለኃላፊዬ ልኬ ነገ እንደገና ይታተማል። የማተሚያው ዓምድ ጠባብ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ሊሆኑ ነው፣ እሱን ደግሞ ማን ጋ እንደምወስደው አላውቅም።


ሻይ_በቅርንፉድ — ሐሙስ ቀን 10፡11

ማተሚያ ላይ ጂዲቢ የለም እህቴ።